የሽምብራው ፈንገስ ምስሩንም ይገድላል? ስሙ አንድ፣ ማሳው ሁለት

የማሳ ጎረቤት — ጥቅምት 27

ጤና ይስጥልኝ። በአድአ ወረዳ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ ነኝ። አንዲት እናት ጥያቄ ጠይቀውኝ መልስ አጥቼ ነው የመጣሁት።

እማማ ሩብ ሄክታር በሚሆን ዋልካ መሬት ላይ ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት ጊዜ ሽምብራ ዘርተዋል። ዘንድሮ ተክሉ አበባ መያዝ ሲጀምር ማሳው መሐል ላይ እንደ እንጀራ ምጣድ ክብ ክብ እየሠራ ጠወለገ። ጠዋት ቀጥ ብሎ የታየ ተክል ከሰዓት በኋላ ቅጠሉን ጥሎ ይገኛል። ነቅዬ ግንዱን በምላጭ ለሁለት ስሰነጥቀው ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር አየሁ። ሥሩ ከውጭ ሲታይ ግን አልበሰበሰም፤ ጤነኛ ይመስላል። ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ላክሁ። የመጣው ወረቀት «ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

ከድንበሩ ማዶ ያለው ጎረቤታቸው ምስር ዘርቷል። የእርሱም ምስር ይጠወልጋል። የእርሱንም ናሙና ላክሁ፤ ወረቀቱ ያው «ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም» ሆኖ ተመለሰ።

እማማ በሚመጣው ዓመት ሽምብራውን ትተው ምስር ሊዘሩ አስበዋል። የምስር ዋጋ ጥሩ ነው፤ ዘሩንም ከዚሁ ጎረቤት ሊበደሩ ተነጋግረዋል። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ስም ከያዙ ይህ ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ አይሆንም? ለምክሩ ተጠያቂዋ እኔ ስለሆንሁ በግምት መናገር አልፈልግም።

ዋልካ — ጥቅምት 27

እኅቴ፣ ወረቀቱ የነገረሽን ተቀበይ። ፈንገሱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥራጥሬ ናቸው። የሽምብራ አጠውልግ ሽምብራ ባይዘራም አፈር ውስጥ ስድስት ዓመት እንደሚቆይ በህንድ አገር ተጠንቷል። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሽምብራም፣ ምስርም፣ ጓያም፣ አተርም አይዘሩበት። ጤፍና ስንዴ ብቻ። አባቴም የታመመ ማሳ ላይ ጥራጥሬ አይደግምም ነበር።

ሥር መርማሪ — ጥቅምት 28

የዋልካ ምክር ከጥንቃቄ የመነጨ ነው፤ አከብረዋለሁ። መነሻው ግን ትክክል አይደለም፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሃያ ዓመት ያህል የሠራሁት በዚህ ፈንገስ ላይ ነው።

«ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም» እጅግ ሰፊ ስም ነው። ስናይደርና ሃንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940 ቀደም ሲል በየስሙ ይጠሩ የነበሩ ብዙ ፈንገሶችን በዚህ አንድ ስም ጠቀለሏቸው። ምክንያት ነበራቸው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አይለዩም። ሁሉም ትንንሽ ሞላላ ስፖር (ፈንገሱ እንደ ዘር የሚራባበት ብናኝ) አላቸው፤ ሁሉም እንደ ማጭድ የጎበጠ ረጅም ስፖር አላቸው፤ ሁሉም ግድግዳው የወፈረና አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚቆይ ክብ ስፖር ይሠራሉ። ሳህን ላይ ሲያድጉም ነጭ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥጥ መስለው ነው።

ሆኖም አንዱ ወገን ሽምብራን ብቻ፣ ሌላው ምስርን ብቻ፣ ሌላው ቲማቲምን፣ ሌላው ሙዝን ያጠወልጋል። እነዚህን ወገኖች «ፎርማ ስፔሻሊስ» ይሏቸዋል፤ በደንብ የተጠኑት ብቻ ከመቶ በላይ ናቸው። የሽምብራው «ሲሰሪስ»፣ የምስሩ «ሌንቲስ» ይባላል። ከዚህም በላይ በማንኛውም ማሳ፣ በጤነኛ ተክል ሥር ዙሪያ ሳይቀር፣ ማንንም የማይጎዳ ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ሞልቷል። ስለዚህ ሁለቱ ወረቀቶች የነገሩሽ የሁለት ሰዎችን የአባት ስም ነው። የአባት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ወንድማማች ናቸው ብለን አንፈርድም።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። የዘሩት የአገሬውን ሽምብራ ነው ወይስ የተሻሻለ ዝርያ? የምስሩንስ ግንድ ሰንጥቀሽ አይተሻል?

የማሳ ጎረቤት — ጥቅምት 28

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽምብራው የአገሬው ነው፤ ከራሳቸው ጎተራ የወጣ ቀይ ሽምብራ። የምስሩን ግንድ ሰንጥቄያለሁ፤ እንደ ሽምብራው ጎልቶ አይታይም፤ ቡናማ መሰል ነገር ያለ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። በማይክሮስኮፕ የማይለይ ከሆነ እኔ በገጠር ተቀምጬ በምን ልለየው?

ከእንሰት አገር — ጥቅምት 29

በጣልቃ ገብነቴ ይቅርታ። እኛ ዘንድ እንሰትን የሚጨርሰውም አጠውልግ ይባላል። ይህም ያው ፈንገስ ነው? አጎቴ ማሳው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶበታል።

ሥር መርማሪ — ጥቅምት 29

አይደለም። በአጎትዎ ጉዳት ከልብ አዝናለሁ። የእንሰቱ አጠውልግ ባክቴሪያ ነው፤ ዛንቶሞናስ ይባላል፤ በአገራችን ተጠንቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የእንሰቱን ቅጠል ዘንግ ሲቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ካወጣ ባክቴሪያው እርሱ ነው። መተላለፊያውም በአብዛኛው ያልጸዳ ቢላና ቆንጨራ ነው፤ መሣሪያውን በእሳት ለብልቦ ወይም በበረኪና አጥቦ ወደ ሌላው ተክል መሄድ ብዙ ያድናል። በአማርኛ «አጠውልግ» የምንለው ምልክቱን አይተን ነው፤ የሚያጠወልገውን አይነግረንም።

ፔትሪ — ኅዳር 1

ከቤተ ሙከራ በኩል ያለውን ልንገራችሁ፤ ሥራዬ ነውና።

ወረቀቱ በስሙ ላይ የቆመው ባለሙያው ሰንፎ አይደለም። ከሥር ፈንገስ አውጥቶ ስሙን መጻፍ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ወገኑን መለየት ግን ተክል ላይ መሞከርን ይጠይቃል። ፈንገሱን ማባዛት፣ ስፖሩን በውኃ መበጥበጥ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊዮን ያህል ስፖር እንዲኖረው መመጠን፣ ጤነኛ ችግኞችን ነቅሎ የሥራቸውን ጫፍ በመቀስ ቆርጦ እዚያ ውስጥ መንከር፣ በተቀቀለ አፈር መልሶ መትከል፤ ከዚያ ከአንድ ወር በላይ መጠበቅ። ለእያንዳንዱ ናሙና ይህን ለማድረግ በቂ ቦታና ሰው ያለው ቤተ ሙከራ ጥቂት ነው። እኔ የምሠራበትም ይህን የሚያደርገው ለምርምር እንጂ ለገበሬ ናሙና አይደለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ገበሬው የሚፈልገው መልስ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ሌላ መንገድም አለ፤ የምወደው ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ፈንገሱን ክሎሬት ያለበት ምግብ ላይ ስናሳድገው ከዳሩ አንዳንድ ቦታ ናይትሬትን መጠቀም ያቃታቸው ልጆች ይወልዳል። እነዚህ ብቻቸውን ሲያድጉ እንደ ሸረሪት ድር የሳሱ ናቸው። ከሁለት የተለያዩ ናሙናዎች የተገኙ እንዲህ ያሉ ልጆችን በአንድ ሳህን ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠን እንጠብቃለን። ዝምድና ካላቸው፣ የተገናኙበት መስመር ላይ ክራቸው ይዋሃዳል፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል፤ መስመሩም ነጭና ወፍራም ሆኖ ይነሣል። ዝምድና ከሌላቸው ሁለቱም እንደሳሱ ይቀራሉ። ፑሃላ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚህ ፈንገስ ያበጀው ዘዴ ነው። ያ ነጭ መስመር ሲነሣ ያየሁበትን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም።

በዚህ ዘዴ ሲፈተሽ የሽምብራው ወገን አንድ ቤተ ዘመድ ሆኖ ነው የተገኘው። የሙዙ ግን በአንድ ስም ቢጠራም ከተለያየ ሐረግ የመጡ ብዙ ቡድኖች ስብስብ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1998 በዘረ መል ጥናት ታይቷል። «የሙዝ ወገን» ማለት ሙዝን የሚያጠቁ ናቸው ማለት እንጂ ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይደለም።

ዋልካ — ኅዳር 1

ትምህርቱን አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። መልካቸው አንድ፣ ስፖራቸው አንድ፣ ታዲያ አንዱ ሽምብራን አንዱ ምስርን የሚመርጠው በምን ምክንያት ነው?

ፔትሪ — ኅዳር 2

ጥሩ ጥያቄ ነው። በቲማቲሙ ወገን ላይ በደንብ ተጠንቷል። ይህ ፈንገስ ሁለት ዓይነት ክሮሞሶሞች አሉት። አንደኛው ዓይነት ለኑሮ የሚያስፈልገውን የያዘና በሁሉም ወገኖች ዘንድ የሚመሳሰል ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከወገን ወገን ይለያል፤ ተክሉን የሚያጠቃባቸው መሣሪያዎች የሚገኙት እዚያ ላይ ነው። ፈንገሱ ወደ ተክሉ የውኃ ቧንቧ ሲገባ የሚረጫቸው ትንንሽ ፕሮቲኖች አሉ፤ ብዙዎቹ የተጻፉት በእነዚሁ ክሮሞሶሞች ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከቲማቲም ገዳይ ፈንገስ ላይ 14ኛው ክሮሞሶም ምንም ጉዳት ወደሌለው ፉዛሪየም መሻገር እንደሚችል አሳየ። ክሮሞሶሙን የተቀበለው ፈንገስ ቲማቲም ማጠውለግ ጀመረ። ልዩነቱ በመልክ ላይ የማይታየው ስለዚህ ነው፤ መልኩን የሚሠራው የጋራው ክፍል ነው፤ የሚገድለውን ሰብል የሚወስነው ተንቀሳቃሹ ክፍል ነው።

ቡና ከጅማ — ኅዳር 3

ይህ ውይይት የኛንም ጉዳይ ይነካል፤ ልጨምር።

ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስ የፉዛሪየም ሌላ ዝርያ ነው፤ ዛይላሪዮይደስ ይባላል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1927 አሁን መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በሚባለው አገር ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ታየ፤ ማንነቱ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እኛ ዘንድ የሚገድለው አረቢካን ነው። በኡጋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሮቡስታን ቡና ጨረሰ፤ ስንት ገበሬ ዛፉን ነቅሎ ቀረ። የሚገርመው፣ ከአረቢካ የተወሰደው ፈንገስ ሮቡስታን አይገድልም፤ ከሮቡስታ የተወሰደውም አረቢካን አይነካም። ተመራማሪዎች በችግኝ ላይ እያቀያየሩ ሞክረው አረጋግጠውታል። የኛውን «አቢሲኒኤ»፣ የእነርሱን «ካኔፎሬ» ብለው ለዩአቸው። በማይክሮስኮፕ አይቶ የወሰነ ሰው ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ ይመክር ነበር።

ከማሳ የማውቀውን ልንገራችሁ። ቡናው መጀመሪያ በአንድ ወገኑ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሌላው ወገን ለጊዜው ለምለም ነው። ግንዱን ከሥሩ ጠጋ ብሎ በቢላ ቢልጡት ከቅርፊቱ ሥር ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። ያ ዛፍ አይድንም። በሽታው የሚገባው በአረም ጊዜ በቆንጨራ ወይም በዶማ ሲቆስል ነው። ስለዚህ የታመመውን ነቅለን እዚያው ቆሞ በነበረበት ጉድጓድ ላይ እናቃጥለዋለን። በማሳው መሐል እየጎተቱ ማውጣት ለጤነኞቹ ማድረስ ነው። አያቴ ከቡና ሥር በእጁ ብቻ ነበር የሚያርመው፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የማሳ ጎረቤት — ኅዳር 3

ጋሼ ሥር መርማሪ፣ አሁን ነገሩ ተገለጠልኝ። መለያው መልኩ ሳይሆን ሥራው ከሆነ፣ ማየት ያለብኝ አፈሩ ምን እንደሚያደርግ ነው። በጣሳ ልሞክረው እችላለሁ?

ሥር መርማሪ — ኅዳር 4

እንዲህ ያለ ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ይቻላል፤ ቤተ ሙከራም አያስፈልግሽም። እንዲህ አድርጊ።

ከእማማ ማሳ፣ ከሚሞቱት ሽምብራዎች ሥር ዙሪያ፣ ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ውሰጂ። ከጎረቤትየውም ምስር ሥር እንዲሁ። ከሁለቱ ማሳዎች ወጥተሽ ስትመለሺ ጫማሽንና አካፋሽን እጠቢ፤ ዋልካ ጭቃ ከጫማ ጋር ብዙ ርቀት ይሄዳል። ሦስተኛው አፈር ደግሞ ከሁለቱ የተቀላቀለ ሆኖ በበርሜል እንፋሎት ላይ አንድ ሰዓት ያህል የተቀቀለ ይሁን። የተቀቀለው ከሌለ ሙከራው ዋጋ የለውም፤ ተክሉ የሞተው በፈንገሱ ይሁን በዘሩ ወይም በውኃ ብዛት ማወቅ አትችዪም።

በሦስቱም አፈር ሽምብራም ምስርም ዝሪ። ዘሩ የአገሬው ይሁን፤ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ብትዘሪ ስለማይሞት አፈሩ ንጹሕ ነው ብለሽ ትሳሳቻለሽ። የእማማን ዘር አትጠቀሚ፤ ይህ ፈንገስ በዘር ላይም ይሻገራል። ከጤነኛ ቀበሌ አምጪ፤ ከመዝራትሽ በፊት በተበረዘ በረኪና ሁለት ሦስት ደቂቃ ነክረሽ በንጹሕ ውኃ እጠቢው። ለየአንዳንዱ አራት ጣሳ፣ በየጣሳው አምስት ዘር። የጣሳዎቹ ውኃ እርስ በርስ እንዳይፈስ በተለያየ ሰሃን ላይ አስቀምጪ። ይህ በሽታ ሞቅ ያለ አፈር ይወዳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚበርድ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቢያቸው።

የሞተውን ሁሉ ነቅለሽ ሰንጥቂው። አንገቱ ላይ ነጭ ክርና እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ ክብ ነገሮች ካየሽ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ አትቁጠሪው። ሥሩ ደርቆ እንደ እንጨት የሚሰበርና ቅርንጫፍ ሥር የሌለው ከሆነም ሌላ ነው። የምትቆጥሪው የውስጥ ቧንቧው የጠቆረውን ብቻ ነው። ምስር ላይ መስመሩ ደብዛዛ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ሆነሽ በደንብ እዪው።

ከነጌብ — ኅዳር 5

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከእስራኤል ነው፤ እዚህ በፕላስቲክ ቤት ቲማቲም እናመርታለን። ከእናንተ ሙከራ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቲማቲምን የሚያጠቁ የዚህ ፈንገስ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ በውኃ ቧንቧው ወደ ላይ ወጥቶ ያጠወልጋል፤ ሞቃት አፈር ይወዳል። ሌላው አንገቱንና ሥሩን ያበሰብሳል፤ እርሱ ቀዝቃዛ አፈር ይወዳል፤ የሚያጠቃቸው የተክል ዓይነቶችም ከመጀመሪያው ይበዛሉ። ሰብሉ አንድ፣ ዝርያው አንድ፣ በሽታው ሁለት። አንዱን የሚቋቋም ዘር ለሌላው አይጠቅምም። የኔ አለቃ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳይለይ የተሳሳተ ዘር ገዝቶ ሙሉ አንድ ቤት ጠፍቶበታል።

እዚህ ብዙ ሰው አፈሩን ካጠጣ በኋላ በሚያሳይ ፕላስቲክ ሸፍኖ በበጋ ፀሐይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያቆየዋል። ዘዴው እዚሁ አገር እ.ኤ.አ. በ1976 ካታን በተባሉ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው ታትሞ ወጣ። ለእማማ ሩብ ሄክታር ፕላስቲኩ ውድ ነው። ለችግኝ መደብ ግን ይሆናል።

ዋልካ — ኅዳር 6

ጋሼ ሥር መርማሪ፣ መነሻዬ ትክክል አይደለም ብለውኝ ነበር፤ ተቀብያለሁ። ግን ያን የስድስት ዓመት ጥናት እንደገና ሳነብ ሌላ ነገር አገኘሁ። በህንድ የሚገኘው ኢክሪሳት የተባለ የሰብል ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ምስር፣ አተርና የርግብ አተር የሽምብራውን ፈንገስ በሥራቸው ይዘው ምንም ምልክት ሳያሳዩ እንደሚያድጉ ዘግበዋል። ምስሩ አይሞትም፤ ፈንገሱ ግን በውስጡ ይኖራል። እማማ ምስር ቢዘሩ ምርታቸውን ያገኙ ይሆናል፤ ፈንገሱም እየተቀለበ ይቆያል። ስለዚህ «ስድስት ዓመት ጥራጥሬ አይዘሩ» ያልሁት እስከዚህ ስህተት ነው?

ሥር መርማሪ — ኅዳር 6

አይደለም፤ እኔ ነኝ ይህን መጀመሪያውኑ መናገር የነበረብኝ። ያ ጥናት እውነት ነው፤ ቸኩዬ ሳላነሣው አለፍሁ። ምክንያቱ አንተ እንዳልኸው ፈንገሱ አንድ መሆኑ አልነበረም፤ ምክርህ ግን ከኔ መልስ ይልቅ ለማሳው ይጠነቀቅ ነበር። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ይህ አፈር ምስርን ይገድላል? ምስሩ ይህን አፈር ያነጻዋል? እኔ የመለስሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የማሳ ጎረቤት ሆይ፣ በእማማ አፈር ላይ የበቀለው ምስር ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ አትጣዪው። ሥሩን ጠብቂው።

ፔትሪ — ኅዳር 6

ያን ሥር ወደ እኔ ላኪው። በትርፍ ሰዓቴ እሠራዋለሁ።

የማሳ ጎረቤት — ጥር 11

ረጅም ጊዜ ቆየሁ፤ ጣሳዎቹን እየጠበቅሁ ነበር። ኅዳር 12 ዘራሁ። ሃያ አራት ጣሳ በመስኮት ሥር ደርድሬ ማታ ማታ ወደ ውስጥ ሳስገባ የቤት አከራዬ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ማታ እርሳቸው ራሳቸው ያስገቡልኝ ጀመር።

በእማማ አፈር ከሃያ ሽምብራ አሥራ አራቱ ጠወለጉ፤ ሁሉንም ሰንጥቄያቸዋለሁ፤ መስመሩ አለ። በዚያው አፈር ከተዘራው ሃያ ምስር አንድም አልሞተም፤ ለምለም ነው። በጎረቤትየው አፈር ዘጠኝ ምስር ጠወለገ። ሽምብራው ግን ቆሟል፤ አንዱ ብቻ ሞተ፤ እርሱም አንገቱ ላይ ጋሼ ያሉኝ ነጭ ክርና ሰናፍጭ የመሰለ ነገር ነበረበት፤ አልቆጠርሁትም። በተቀቀለው አፈር ሁሉም ጤነኛ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ድንበር ለሁለት የከፈላቸው፣ በወረቀት ላይ አንድ ስም ያላቸው፣ ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ለእማማ ስነግራቸው አልተገረሙም። «የእርሱ ምስር ሲሞት የኔ ጓያ አልሞተም ነበር፤ በሽታም እንደ ሰው የሚወደውን ያውቃል» አሉኝ።

ጤነኞቹን የምስር ሥሮች ለፔትሪ ልኬያለሁ።

ቡና ከጅማ — ጥር 12

ሳነበው ደስ አለኝ። ሃያ አራት ጣሳ!

ሥር መርማሪ — ጥር 12

ይህን በቀበሌ ደረጃ የሚሠራ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስለ ሽምብራው አንድ ልጨምር። የሽምብራው ወገን ራሱ በስምንት ሬሶች፣ ማለትም በሚያጠቁት የሽምብራ ዝርያ በሚለዩ ንዑስ ቡድኖች፣ ይከፈላል፤ 0፣ 1ኤ፣ 1ቢ/ሲ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ይባላሉ። ሁለቱ፣ ማለትም 0 እና 1ቢ/ሲ፣ ተክሉን ቀስ ብለው ቢጫ ያደርጋሉ፤ የቀሩት በፍጥነት ያጠወልጋሉ። አንድ ዝርያ አንዱን ሬስ ተቋቁሞ በሌላው ሊወድቅ ስለሚችል፣ ለእማማ የተሻሻለ ሽምብራ ስታስቢ ያን ዝርያ መጀመሪያ በዚሁ አፈር በጣሳ ፈትኚው። በሌላ አካባቢ ተቋቋመ መባሉ በእርሳቸው ማሳ ለመቋቋሙ ዋስትና አይሆንም።

ፔትሪ — መጋቢት 14

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ከእማማ አፈር ከመጣው ጤነኛ ምስር ሥር ላይ ፈንገስ ወጣ። ቆሻሻ እንዳይሆን ሥሩን ከላይ አጥቤ፣ ከውስጥ ቆርጬ ነው ያስቀመጥሁት። ያደገው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ነው። ማንንም የማይጎዳው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በዚህ አላቆምሁም፤ ስፖሩን በጥብጬ የሽምብራና የምስር ችግኝ ነከርሁበት። ሽምብራው ጠወለገ፤ ምስሩ አልጠወለገም። ከጠወለገው ሽምብራ ግንድም ያንኑ ፈንገስ መልሼ አወጣሁ።

ዋልካ ልክ ነበር። ምስሩ ሳይታመም የሽምብራውን ገዳይ ተሸክሞ ነበር።

ዋልካ — መጋቢት 14

ልክ መሆኔ ደስ አላሰኘኝም፤ እማማ ምስሩን ፈልገውት ነበርና። አሁን ምን ትመክሪያቸዋለሽ?

የማሳ ጎረቤት — መጋቢት 16

ትናንት ቤታቸው ሄጄ ቡና እየጠጣን ሁሉንም ነገርኋቸው። ምስር ቢዘሩ እንደማይሞትባቸው፣ ግን በሽታው ለሽምብራ እየተጠበቀ እንደሚቆይ። ከጎረቤትየው ዘር መበደሩን ትተውታል፤ በዘሩ ላይ የምስሩ ወገን ቢመጣ በአንድ ማሳ ሁለቱንም ሊያሳድጉ ነው። በዚህ ክረምት ጤፍ፣ ቀጥሎ ስንዴ ይሆናል። ምስሩን ከቤታቸው በስተጀርባ ባለች፣ ሽምብራ ነክቷት በማያውቅ ትንሽ መሬት ላይ፣ ከሌላ ቀበሌ በሚመጣ ዘር ይዘሩታል።

ከዚያ እርሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር አነሡ። ጥቅምት ላይ ክብ ክብ ሆኖ የጠወለገውን ቦታ ለምን መሐል እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። «እዚያ እኮ ነው ባለቤቴ በሕይወት እያለ ዐውድማው የነበረው» አሉ። ዓመት ዓመት ሽምብራው እዚያ ይወቃል፤ ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ ጥራጊው ግን እዚያው ይቀር ነበር። በኋላም ዐውድማው ሲታረስ ጥራጊው አብሮ ተገለበጠ።

ጋሼ፣ ያ ጥራጊ ነው ያመጣው?

ሥር መርማሪ — መጋቢት 17

ብቻውን አመጣው ማለት አልችልም፤ የመጀመሪያው በዘር ላይ መጥቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቦታ ያበዛው ግን ያ ጥራጊ ነው ብዬ አምናለሁ። የወፈሩት ስፖሮች በሞተ ሥርና በተሰበረ ግንድ ውስጥ ተቀምጠው ነው ዓመታትን የሚሻገሩት፤ በዐውድማ ላይ ደግሞ የማሳው ሁሉ ሥርና ግንድ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። በሚቀጥለው መኸር ከመውቃታቸው በፊት ዐውድማውን ከማሳው ውጭ፣ ጎርፍ ወደ ማሳ በማይወስድበት በኩል፣ ያዛውሩት። ጥራጊውን አቃጥሉት።

የማሳ ጎረቤት — መጋቢት 17

ቦታውን ዛሬ ከልጃቸው ጋር ሄደን መርጠናል። ከመንገዱ ዳር፣ ከግራሩ ሥር ነው፤ ተዳፋቱ ከማሳው ወደ ታች ነው።